የሰፈራችን የማርሽ ባንድ፣ መሪያችን መቶ አለቃ እና የጎደለው የሁለተኛ ትሮምቦን ኖታ

አንደኛ ክላርኔት፦

ይህን የምጽፈው በፒያሳና በአራት ኪሎ መካከል በነበረው ሰፈራችን ለብዙ ዓመታት ያለ ደመወዝ ያገለገለውን የማርሽ ባንድ የሚያስታውስ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን እንዲያዋጣ ለመለመን ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አካባቢ ከፈረሰ ወዲህ አብረን ስንነፋ ያደግን ልጆች በከተማው ዳር ዳር ተበትነናል፤ ቀድሞ አንድ ፉጨት ሰምተን የምንሰበሰበው ሰዎች ዛሬ ለለቅሶ እንኳ ተጠራርተን ለመድረስ ግማሽ ቀን ይፈጅብናል። ታሪኩን ከእኛ በተሻለ የሚያውቁት ታላላቆቻችንም አንድ በአንድ እያለፉ ነው፤ መሪያችን ራሳቸው ካረፉ ዓመታት ተቆጥረዋል።

መሪያችንን በስማቸው የሚጠራ ሰው አልነበረም፤ ለሁላችንም መቶ አለቃ ነበሩ። ከፖሊስ ሙዚቃ ክፍል በጡረታ የተገለሉ ትራምፔት ነፊ ሲሆኑ፣ በልጅነታቸው ገብተው ስላረጁበት ሦስት ብሔራዊ መዝሙሮችን በደንብ ልብሳቸው ነፍተዋል፤ የኬቮርክ ናልባንዲያንን፣ በደርግ ዘመን የመጣውን የዳንኤል ዮሐንስን፣ ከዚያም ዛሬ የምንዘምረውን የሰሎሞን ሉሉን። «መንግሥት መለወጡን ሙዚቀኛ ከሁሉ ቀድሞ ያውቃል፤ ኖታ መልስ፣ ኖታ ተቀበል ይባላልና» ይሉን እንደነበር አስታውሳለሁ።

ባንዱ የተጀመረው ከቀበሌ ኪነት በተረፉ መሣሪያዎች ነው። ደርግ ሲወድቅ የኪነት ቡድኖቹ ተበተኑ፤ መሣሪያዎቹም አቧራ ለብሰው በአንድ ክፍል ውስጥ ተቆልፈው ቀሩ። መቶ አለቃ ጡረታ በወጡ ጊዜ ያንን ክፍል አስከፍተው፣ ፒስተናቸው (በጣት የሚጫነው ክፍላቸው) የደረቀ ትራምፔቶችን፣ ሁለት ትሮምቦኖችን፣ ክላርኔቶችንና አንድ ሳክስፎን አውጥተው በራሳቸው ግቢ ፀሐይ ላይ አሰጧቸው። እኔ ያን ጊዜ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ፤ ከአጥር በላይ አንገቴን አስግጌ ሳይ «ና፣ ይህን ጨርቅ ያዝ» ብለው ጠሩኝ። ለስድስት ሳምንት ያህል ክላርኔቱን እንድወለውል እንጂ እንድነፋ አልፈቀዱልኝም።

አዲስ ለሚመጣ ልጅ የሚሰጡት የመጀመሪያ ትምህርት መሣሪያ የሌለበት ነበር። ከአዲስ ዘመን ጋዜጣ የመዳፍ ያህል ቀድደው ግድግዳው ላይ ያስደግፉና እጃቸውን ሲያነሡ ልጁ ወረቀቱ እንዳይወድቅ በትንፋሹ ብቻ ግድግዳው ላይ አጣብቆ እንዲያቆየው ያዝዙታል። ወረቀቱ እስከ ሃያ ሲቆጠር ሳይወድቅ የቆየለት ልጅ በማግሥቱ መሣሪያ ይሰጠዋል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ከሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ስለሆነች ትንፋሽ ከሌላው አገር ይልቅ እዚህ በቁጠባ መያዝ እንዳለበት ደጋግመው ይነግሩን ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። መቶ አለቃ ለባንዱ ያቀናበሯቸውን ሥራዎች እያንዳንዱን ድርሻ በእጃቸው ገልብጠው ነበር። የኖታ ወረቀት የሚገዛበት ገንዘብ ስላልነበረ አምስቱን መስመር በማስመሪያ እያሰመሩ የጻፉት በአሮጌ የቀበሌ ቅጾች ጀርባ ላይ ነው፤ የእኔን አንደኛ ክላርኔት ገልብጣችሁ ብታዩት የስኳርና የሳሙና ዕደላ የቤት ቁጥር ዝርዝር ታገኛላችሁ። ባለቤታቸው ከማረፋቸው በፊት ማኅደሩን ለእኔ ሰጥተውኝ ነበርና ባለፈው ክረምት ቁጭ ብዬ አስተካከልሁት። ሁሉም ሲሟላ በአንቺሆዬ ቅኝት ከሠሩት ቅንብር ውስጥ የሁለተኛ ትሮምቦኑ ድርሻ የለም። እርሱ ያለበትን የሚያውቅ ካለ እባካችሁ አሳውቁኝ።

የድሮ ቱባ፦

ወንድሜ፣ ድምፅህን ስለሰማሁ ደስ ብሎኛል። አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ በመቶ አለቃ ግቢ መሣሪያ ጠረግን እንጂ ልምምዱ የተጀመረው ሥራ ባቆመው የኅብረት ሱቅ ውስጥ ነበር። የመደርደሪያዎቹ ሽታ እስካሁን በአፍንጫዬ አለ፤ ሳሙናና ጋዝ ተቀላቅሎ። ቆርቆሮው ያለ ኮርኒስ ስለነበር ዝናብ ሲጥል የምንሰማው ከበሮውን ብቻ ነበር፤ በዚያን ጊዜም መቶ አለቃ አያሰናብቱንም፣ ጣታችንን ብቻ እያንቀሳቀስን ኖታውን በዓይን እንድንከተል ያደርጉን ነበር።

የቱባውን ነገር አንተ ስላልጻፍኸው እኔ ልጻፍ። ከቀበሌው ክፍል ቱባ አልወጣም። መቶ አለቃ ባሱ ባዶ መሆኑ እንቅልፍ ይነሣቸው ስለነበር አንድ ቅዳሜ እኔንና አንድ ሌላ ልጅ ይዘው መርካቶ ምናለሽ ተራ ወረዱ። እዚያ ከአሮጌ ራዲያተርና ከቧንቧ ጋር የተጣለ፣ ደወሉ፣ ማለትም ድምፅ የሚወጣበት ሰፊው አፉ የተጨረመተ፣ ሦስተኛው ፒስተን የተነቀለ ቱባ አገኙ። ሻጩ እንደ ናስ በኪሎ መዝኖ ነው የሸጠልን። ከዚያ እየተቀባበልን ተሸክመነው በእግር እስከ ሰፈራችን ስንመጣ ልጆች ተከትለውን ነበር። ጭርምቱን መቶ አለቃ ራሳቸው በእንጨት ሙቀጫ ዘነዘና ላይ ጨርቅ ጠምጥመው ከውስጥ እየደቆሱ አቃኑት፤ ፒስተኑን አንድ የቶርኖ ባለሙያ በነፃ ሠራልን። ለፒስተኑ የሚሆን ዘይት ስለማይገኝ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት እንጠቀም ነበር፤ ቀጠን ስለሚል ለትራምፔቶቹም ይሆናል፣ ብቻ በየሁለት ቀኑ መጨመር ይጠይቃል።

ጠዋት የምንለማመድ ከሆነ ያን ያህል ናስ ለማሞቅ የሚፈጀው ጊዜ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። አየሩ በቀዘቀዘ ቁጥር የትንፋሽ መሣሪያ ድምፁ ወደ ታች ይወርዳል፤ የትራምፔቶቹ ልጆች አፍ መንፊያውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው ሲያሞቁ እኔ ደግሞ ምንም ድምፅ ሳላወጣ እስትንፋሴን ብቻ ለአሥር ደቂቃ ያህል እለቅበት ነበር። መቶ አለቃ ቢ ፍላትን የሚያሰሙን ከዚያ በኋላ ነው። ያቺን አንዲት ድምፅ ሁላችንም አንድ ሆነን እስክንይዛት ድረስ ወደ ዜማ አያልፉም ነበር፤ አንዳንድ ቀን ልምምዱ በሙሉ እርሷ ብቻ ሆና ታልቅ ነበር።

የማኅደር ሰው፦

እኔ የዚያ ሰፈር ልጅ አይደለሁም፤ ነገር ግን ስለ ከተማችን የሙዚቃ ባንዶች ለብዙ ጊዜ ሳነብ ስለኖርሁ መሪያችሁ የመጡበትን መስመር ለማሳየት ጥቂት ልጨምር።

በአዲስ አበባ የናስ መሣሪያ ታሪክ የሚጀምረው ብዙዎች እንደሚያስቡት በአርባ ልጆች አይደለም። ከዐድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሥ ኒኮላይ 2ኛ ለዐፄ ምኒልክ የናስ መሣሪያዎችን ከነአሠልጣኙ ልከዋል፤ የቤተ መንግሥቱ ማርሽ የተተከለው ያን ጊዜ ነው። አርባ ልጆች የመጡት ከዚያ በኋላ፣ በ1916 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ኢየሩሳሌም ባለው የአርመን ገዳም ውስጥ በኦቶማን ቱርክ ከተፈጸመው የአርመናውያን እልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች የሚነፉትን ባንድ ሰምተው አርባውን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። ኃላፊያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በተፈጸመው የንግሥ በዓል ላይ የተሰማው መዝሙር ዜማ የእርሳቸው፣ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። አሁንም በፒያሳ የቆመውን የአርመን ቤተ ክርስቲያን ሳይ ሁልጊዜ እነዚያ ልጆች በማያውቁት አገር ብርድ ውስጥ ትራምፔታቸውን ሲያሞቁ ይታየኛል።

ከኬቮርክ ቀጥሎ ሊነሣ የሚገባው የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ነው። የማዘጋጃ ቤቱን ሙዚቀኞች፣ በኋላም በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ማለትም በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ያሉትን አሠልጥነዋል፤ የፖሊስ ሙዚቀኞችም ተምረውባቸዋል። የእርሳቸው ትልቁ ሥራ የኢትዮጵያን ቅኝቶች ለትልቅ ባንድ በብዙ ድምፅ ማቀናበር የሚቻልበትን መንገድ መፈለጋቸው ነው። መሪያችሁ በፖሊስ ውስጥ ካደጉ አንቺሆዬን ለማርሽ ባንድ ለማቀናበር መድፈራቸው ከዚያ ወገን የወረሱት እንደሆነ እገምታለሁ። እርስዎ አንደኛ ክላርኔት ሆነው ስለነፉት፣ እንዴት እንዳቀናበሩት በዝርዝር ቢነግሩን ጥሩ ነበር።

አንደኛ ክላርኔት፦

ስለ ማብራሪያዎ እጅግ አመሰግናለሁ። መቶ አለቃ «የነርሲስ ተማሪዎች ተማሪ ነኝ» ይሉ ነበር፤ ራሳቸውን ከዚያ በላይ አላስጠጉም።

ስለ ቅንብሩ የሚገባኝን ልናገር። ትዝታን በሙሉው ወስደን ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብንል፣ ከመነሻው ድምፅ ላይ ዶ፣ ሚ፣ ሶል ብሎ የተለመደውን ኮርድ፣ ማለትም አብረው የሚሰሙ ድምፆችን መሥራት አይቸግርም፤ ለዚህ ነው የትዝታ ቅንብር በየሠርጉ የምንሰማው። አንቺሆዬ ግን እንዲህ አይታዘዝም። በመነሻውና በሁለተኛው ድምፅ መካከል ያለው ርቀት ግማሽ ድምፅ ነው፤ በሦስተኛውና በአራተኛው መካከል ያለውም እንዲሁ። ከመነሻው ላይ ተነሥቶ ለተለመደው ኮርድ የሚያስፈልጉትን፣ ለዶ ሚና ሶል እንደሆኑት ያሉትን ድምፆች ቢፈልጉ በቅኝቱ ውስጥ የሉም። ከውጭ መጽሐፍ የተማረ አቀናባሪ የሌለውን ድምፅ ጨምሮ ኮርዱን ይሞላዋል፣ ያን ጊዜ ግን አንቺሆዬነቱ ይጠፋል።

መቶ አለቃ ኮርዱን ተዉት። ቱባው መነሻውን ቢ ፍላት ይዞ ይቆያል፤ ሁለተኛ ትሮምቦኑ ከእርሱ በላይ የቅኝቱን ሦስተኛ ድምፅ፣ ማለትም ኢ ፍላትን ይይዛል፤ ዜማው በእነዚህ በሁለቱ መካከልና በላይ ይመላለሳል። በመካከል ላይ ደግሞ ሁላችንም ጸጥ ብለን ሁለተኛ ትሮምቦኑ ብቻውን ይነፋ ነበር። እኔ በዚያ ጊዜ የዕረፍት ቁጥሬን እንዳልስት ስቆጥር ዜማውን በደንብ አልያዝሁትም፤ ለዚህ ነው ድርሻውን በግምት ልጽፈው የማልደፍረው።

ሳክስፎን፦

በባንዱ ውስጥ የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ እኔ ነበርሁና እንዴት እንደገባሁ ልጻፍ። እናቴ ጉልት ትቸረችር ነበር። ከእርሷ አጠገብ ተቀምጬ ከኅብረት ሱቁ የሚመጣውን ድምፅ ስሰማ እውል ነበር፤ አንድ ቀን ገብቼ በር ላይ ቆምሁ። ወንዶቹ ሳቁብኝ። መቶ አለቃ አልገሠጿቸውም፣ አላባበሉኝምም፤ ጋዜጣውን ቀድደው ግድግዳው ላይ አስደገፉልኝ። ሃያ ሞላሁ፣ ሠላሳም አለፍሁ። ከዚያ በኋላ የሳቀብኝ አልነበረም።

እናቴ ግን «ሴት ልጅ አዝማሪ ልትሆን ነው ወይ?» ብላ አሻፈረኝ አለች። መቶ አለቃ በማግሥቱ ኮታቸውን ለብሰው፣ ከባለቤታቸው ጋር፣ ሽማግሌ እንደሚላክ ሆነው ቤታችን መጡ። ቡና ተፈላ። እስከ ሦስተኛው ስኒ ድረስ ስለ ሙዚቃ አንድ ቃል አላነሡም፤ ስለ ገበያውና ስለ አባቴ ሕመም ተጨዋወቱ። በመጨረሻ ባለቤታቸው «ማታ ማታ እኔው ራሴ ደጃፏ አደርሳታለሁ» አሉ፤ እናቴም በዚህ እሺ አለች። እትዬ ቃላቸውን ጠብቀው አራት ዓመት ሙሉ ከልምምድ በኋላ ነጠላቸውን አጣፍተው አደረሱኝ። የባንዱ ታሪክ ሲጻፍ እርሳቸውም አብረው እንዲጻፉ እፈልጋለሁ፤ ለእኛ ሻይ ያፈሉት፣ የተቀደደውን የከበሮ ማንገቻ የሰፉት እርሳቸው ናቸው።

ሪድ፣ ማለትም አፍ መንፊያው ላይ የሚታሰረው ስስ ሸምበቆ በጣም ይቸግረን ነበር። አንዱን ሪድ ለወራት እነፋበት ነበር፤ ጫፉ ሲደክም መቶ አለቃ በምላጭ እየፋቁ ያድሱልኛል፣ እኔም በክብሪት ቀፎ ውስጥ አስተኝቼ አስቀምጠዋለሁ። አንድ ቀን ወደ ብሔራዊ ቴአትር ወስደውን፣ ከገባን በኋላ የኦርኬስትራው ሳክስፎን ነፊ ከአንድ ዜማ በኋላ ሪዱን ቀይሮ ሲጥለው አየሁ። ወጥተን ከጥቁሩ የድንጋይ አንበሳ ሥር ቆመን ሳለን ይህንኑ ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩና በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት አዲስ ሪድ አመጡልኝ። ከየት እንዳመጡት አልጠየቅሁም።

ሳይድ ድራም፦

የተጻፈውን ሁሉ በናፍቆት አንብቤዋለሁ፤ ነገር ግን «ያለ ደመወዝ» በሚለው ላይ የሚከነክነኝ ነገር አለ። የካቲት 23 በምኒልክ አደባባይ ስንነፋ ማንም እንዳልከፈለን አውቃለሁ፤ ለትምህርት ቤት በዓልም እንዲሁ። ለሠርግ ስንጠራ ግን ይከፈል ነበር፣ ፖስታውንም በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ ያን ጊዜ ጫማ ያልነበረኝ ልጅ ነበርሁ፤ ከዚያ ገንዘብ አምስት ሳንቲም በእጄ አልገባችም። መቶ አለቃን የምወቅሰው ክፋት አስቤባቸው አይደለም፤ ግን ታሪክ ሲጻፍ ይህም ጥያቄ ቢጻፍ ይገባል ብዬ ነው።

አንደኛ ክላርኔት፦

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው፤ መልሱንም በእጄ ካለው ደብተር እነግርሃለሁ። መቶ አለቃ ከእያንዳንዱ ሠርግ የገባውንና የወጣውን ከነቀኑ ጽፈዋል። ወጪው ሪድ፣ ዘይት፣ ታክሲ፣ የሚታመም ልጅ መድኃኒት ነው። ከሁሉ በላይ ተደጋግሞ የተጻፈው የሳይድ ድራም ቆዳ ነው፤ አንተ ትቀድደው እንደነበር አትረሳም። ለትምህርት መሣሪያና ለጫማ የወጣ ገንዘብም አለ፤ የተገዛላቸውን ልጆች ስም ግን በመጀመሪያ ፊደላቸው ብቻ ስለጻፉት እኔም እዚህ አልዘረዝረውም።

ነገር ግን በአንድ ጉዳይ እውነት አለህ፤ ደብተሩን አንድ ቀን እንኳ ለእኛ አላነበቡልንም። ልጆች ስለነበርን አስፈላጊ መስሎ አልታያቸው ይሆናል። ቢያነቡልን ኖሮ ይህን ያህል ዘመን በልብህ ይዘኸው ባልኖርህ ነበር።

የባንዱን መጨረሻም በዚሁ ልጨርሰው፣ ስለ እርሱ ብዙ ማለት አልወድም። መሣሪያዎቹን የምናስቀምጥበት ክፍል ለሌላ ሥራ ተፈለገና ቁልፉ ተቀየረ፤ መሣሪያዎቹ የቀበሌ ንብረት ተብለው የተመዘገቡ ስለነበሩ ማንሣት አልተፈቀደልንም። ከደጅ ጥናቱ በኋላ ሲከፈት ያገኘነው ባዶ ክፍል ነው። የተረፉት በዚያ ሳምንት ለጽዳት ወደ ቤት የወሰድናቸው ብቻ ናቸው።

ሳይድ ድራም፦

ቆዳውን መቅደዴ እውነት ነው። ጫማዬን የገዛልኝ አጎቴ እንደሆነ ነበር እናቴ የነገረችኝ። ደብተሩን አንድ ቀን ብታሳየኝ ደስ ይለኛል።

ጀማሪ ትራምፔት፦

እኔ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነኝ፤ በሰንበት ትምህርት ቤታችን የማርሽ ባንድ ውስጥ ትራምፔት ጀምሬያለሁ። ላይኛውን ድምፅ ስነፋ ከንፈሬ ቶሎ ይደክምብኛል። መቶ አለቃ ለዚህ ምን ይመክሩ ነበር?

የድሮ ቱባ፦

ልጄ፣ ለትራምፔቶቹ የሚሉትን እነግርሃለሁ። ላይኛውን ድምፅ መሣሪያውን ከንፈርህ ላይ በመጫን አታውጣው፤ በመዳፍህ ሳይሆን በጣቶችህ ጫፍ ብቻ ያዘው፣ ያን ጊዜ መጫን ብትፈልግም አትችልም። የነፋህበትን ያህል ደቂቃ ደግሞ ዕረፍ። ረጅም ድምፅ በለሆሳስ መንፋትን ከሁሉ ያስቀድሙ ነበር። ጋዜጣውንም ሞክረው።

ሁለተኛ ትሮምቦን፦

ይህን ገጽ እኅቴ አሳይታኝ ሁለት ሌሊት ደጋግሜ አነበብሁት። ወረቀቱ እኔ ዘንድ አለ።

ባንዱ ሲዘጋ የጠፋ መስሎኝ ነበር። ከካዛንቺስ ስንነሣ የእናቴን ሣጥን ባዶ ለማድረግ ስከፍተው ከክርስትና ልብሴ ጋር ተጠቅልሎ አገኘሁት፤ ከጀርባው እንደ እናንተው የሳሙና ዝርዝር ነው። እጥፋቱ ላይ ትንሽ ተበልቷል፣ ኖታው ግን ይነበባል።

ስታነቡት ግራ እንዳይገባችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ትሮምቦን ተንሸራታቹ ቧንቧ የሚቆምበት ሰባት ቦታ አለው፤ ሰባተኛው ላይ ለመድረስ ክንድ እስከ መጨረሻው መዘርጋት አለበት። እኔ ስጀምር አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ክንዴ ከአምስተኛው አያልፍም። አንድ ቀን በልምምድ ላይ ስድስተኛውን ለመያዝ ስንጠራራ ተንሸራታቹ ቧንቧ አመለጠኝና መሬት ላይ ወደቀ፤ ተጣመመ። አለቀስሁ። መቶ አለቃ ቧንቧውን አነሡና እያዟዟሩ በዓይናቸው ለኩት፣ ከዚያም የእኔን ክንድ ከትከሻዬ እስከ ጣቴ በማስመሪያቸው ለኩት። ምንም አላሉኝም። በሳምንቱ አዲስ ወረቀት ሰጡኝ፤ በአንቺሆዬው ውስጥ ከአምስተኛው ቦታ የሚያልፍ አንድም ድምፅ አልነበረበትም። ብቻዬን የምነፋትን ያቺን መካከለኛ ክፍልም ያን ጊዜ ነው የጨመሩልኝ፤ ከዚያ በፊት በቅንብሩ ውስጥ አልነበረችም። ዳሩ ላይ በእርሳስ «እዚህ ጋ አትቸኩል፣ እንጠብቅሃለን» ብለው ጽፈዋል።

ትሮምቦኑም አለኝ፤ በዚያ ሳምንት ለጽዳት ከወሰዱት አንዱ እኔ ነኝ። ቧንቧው ግን ከነካሁት ብዙ ዘመን ስለሆነ አይንቀሳቀስም።

አንደኛ ክላርኔት፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ። እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ብሔራዊ ቴአትር፣ አንበሳው ሥር እንገናኝ። ወረቀቱን ከነትሮምቦኑ ይዘህ ና፤ እኔ ማኅደሩንና ደብተሩን አመጣለሁ።

ሳክስፎን፦

እመጣለሁ። የእትዬን ፎቶግራፍም ይዤ እመጣለሁ።

የድሮ ቱባ፦

ቧንቧውን በግድ አትጎትተው፣ ይሰበራል። ዘይቱን እኔ ይዤ እመጣለሁ፤ የልብስ ስፌቱን።